የብረት መከላከያ ልባጥ ምርምርና የሠራተኛው ጤና፤ ሒሳዊ ዳሰሳ

መግቢያ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በገርጂና በሰሚት በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ሁለት ዓይነት የብረት ሥራ ጎን ለጎን ይከናወናል። አንደኛው በቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ማዕከል የሚካሄደው የአውሮፕላን አካል፣ የሞተርና የልዩ ልዩ ክፍሎች ጥገና ነው። ሁለተኛው በየመንገዱ ዳር ባሉት አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች በር፣ መስኮት፣ የአጥር መዝጊያና የደረጃ መደገፊያ እየተበየደ የሚወጣበት ሥራ ነው። በሥልጠና፣ በገንዘብ አቅምና በቁጥጥር ረገድ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ የጋራ ጠላት አላቸው፤ እርሱም ዝገት ነው። መከላከያውም በመሠረቱ አንድ ነው፤ ብረቱን በሌላ ብረት በመለበጥ ወይም በቀለም በመሸፈን ከአየርና ከውኃ መከለል ነው።

ይህ የመከለል ጥበብ በዓለም ላይ ሰፊ የምህንድስና ምርምር የሚካሄድበት ዘርፍ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ምርምር በሕክምና ዓይን መመርመር ሲሆን፣ የሚያቀርበውም ሂስ አንድ ነው። ምርምሩ የተለበጠውን ብረት ዕድሜ በጥንቃቄ ሲለካ የለባጩን ሰው ጤና ከመለኪያው ውጭ ትቶታል፤ የሕክምና ሙያም ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚገባውን ያህል አልጠየቀም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምርምሩ ውለታ

ሂሱ ሚዛናዊ እንዲሆን በመጀመሪያ የዘርፉን ውለታ መመስከር ያስፈልጋል። ዝገት የንብረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይም ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 1988 በሃዋይ ደሴቶች ላይ ይበር የነበረ ቦይንግ 737 አውሮፕላን የላይኛው አካሉ በአየር ላይ ተገንጥሎ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷን አጥታለች። ለአደጋው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች መካከል የብረት ዝገትና የብረት ድካም ይገኙበታል። በመስከረም ወር 2007 ደግሞ ሁለት ኪው 400 አውሮፕላኖች በሦስት ቀናት ልዩነት በዴንማርክና በሊቱዌንያ ሲያርፉ የማረፊያ እግራቸው ታጥፎባቸዋል። የማረፊያ እግሩን የሚዘረጋውና የሚያጥፈው መሣሪያ የተያያዘበት ጥርስ በዝገት ተበልቶ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጧል። በዚህ አደጋ የሞተ ሰው ባይኖርም፣ በዓይን የማይታይ የዝገት ጉዳት ስንት መንገደኛ ለአደጋ ሊያጋልጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ ከሰው ፀጉር የሚቀጥን ልባጥ ምን ያህል እንደሚጣበቅ፣ ምን ያህል ግጭት እንደሚችልና ለስንት ጊዜ ዝገትን እንደሚገታ የሚያጠና መሐንዲስ በእርግጥ የሰውን ሕይወት ይጠብቃል። ጥያቄው የሚጠብቀው የማንን ሕይወት ነው የሚለው ነው። መንገደኛው በስሌቱ ውስጥ አለ፤ ለባጩ ግን የለም።

ስለ መለኪያው

በዘርፉ የሚወጡ ጥናቶች አቀራረብ በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው። የልባጡ ውፍረት በማይክሮን፣ ጥንካሬው በታወቀ መለኪያ፣ የመጣበቅ ኃይሉና የመፋቅ መጠኑ ይሰፍራሉ። ከዚያም ናሙናው በጨው ጭጋግ ውስጥ ስንት ሰዓት ሳይዝግ እንደቆየ ይገለጻል። ይህ የጨው ጭጋግ ፈተና በአሜሪካ መለኪያነት ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ1939 ሲሆን፣ መቶ እጅ አምስት ጨው ያለበት ውኃ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በተዘጋ ሳጥን ውስጥ እንደ ጉም የሚረጭበት ነው።

ፈተናው የባሕር ዳርን አየር የሚያስታውስ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕርም የራቀች ከተማ ናት። ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ዳር ከተሞች ስለሚያርፍ ፈተናው ለአቪዬሽን አስፈላጊነት አለው። በገርጂ ተበይዶ በሰሚት ለሚተከል የአጥር በር ግን የጨው ጭጋግ ሰዓት ብዙ አይነግርም። ያንን በር የሚበላው የክረምቱ ረጅም ዝናብ፣ በብየዳው ስፌት ውስጥ የሚያቁር ውኃ፣ እንዲሁም ዘይቱና ዝገቱ ሳይጸዳ በላዩ ላይ የተቀባው ቀለም ነው። በጨው ጭጋግ ውስጥ የተገኘ ሰዓትና በእውነተኛው አየር የተገኘ ዕድሜ ብዙ ጊዜ እንደማይጣጣሙ የዘርፉ ሊቃውንት ራሳቸው ሲገልጹ ኖረዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት መለኪያ በልማድ የሚወረስ መሆኑ ነው። በከተማው ለሌለ ባሕር በጥናቱ ውስጥ ቋሚ ሰንጠረዥ ከተዘጋጀለት፣ በሥራ ቤቱ ውስጥ ላለውና በየደቂቃው ለሚተነፈሰው አየር አንድ ረድፍ የማይገኝበት ምክንያት ሳይንሳዊ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱ ይህን ጥያቄ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ያልተለካው አየር

ሳይለካ የሚታለፈው ነገር ምን እንደሆነ በዝርዝር ማየት ይገባል። ለረጅም ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያ እግርን የመሳሰሉ ከፍተኛ ጫና የሚሸከሙ ክፍሎች በዓለም ዙሪያ በክሮሚየምና በካድሚየም ሲለበጡ ኖረዋል።

ክሮሚየም የሚለበጠው ሄክሳቫለንት በሚባለው መልኩ በአሲድ ውስጥ ሟሙቶ በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ከሚፈሰው ኤሌክትሪክ ብረቱን ለመለበጥ የሚውለው ከአንድ አምስተኛ እምብዛም አይበልጥም። የቀረው በአብዛኛው የሃይድሮጅን አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋውም ከገንዳው ላይ ሲፈነዳ አሲዱን በደቃቅ ጠብታ መልክ ወደ አየር ይረጨዋል። ይህን የሚተነፍስ ሠራተኛ የአፍንጫው ግድግዳ ይቆስላል፣ እየቆየም ሊበሳ ይችላል፤ የቆዳ ቁስልና አስም ይከተላሉ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ይህን የክሮሚየም ዓይነት በ1990 በሰው ላይ ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ተርታ አስገብቶታል። አሜሪካ በ2006 በሥራ ቦታ የሚፈቀደውን መጠን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ አድርጋለች። በዚህ መጠን እንኳ ለ45 ዓመት ከሚሠሩ አንድ ሺህ ሰዎች መካከል ከ10 እስከ 45 የሚሆኑት ተጨማሪ የሳንባ ካንሰር ሞት ሊደርስባቸው እንደሚችል የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በውሳኔው ላይ አስፍሯል። የአውሮፓ ኅብረትም ክሮሚየም ትሪኦክሳይድን ከመስከረም 2017 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀምን ከልክሏል።

ካድሚየም በበኩሉ በኩላሊት ውስጥ ተከማችቶ ለአሥርና ለሃያ ዓመታት የሚቆይ ብረት ነው። በ1993 በካንሰር አምጪነት ተመድቧል። በካድሚየም የተለበጠ ብረት ሲበየድ ወይም በእሳት ሲቆረጥ የሚወጣው ጢስ ደግሞ በመጀመሪያ ቀላል ጉንፋን መስሎ ይጀምርና በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሳንባን በውኃ ሞልቶ ሊገድል ይችላል።

በአነስተኛዎቹ ሥራ ቤቶች ዘንድ የሚታወቀው ልባጥ ዚንክ ነው፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮም በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲተን ብረት ግን ለመቅለጥ 1500 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ በዚንክ የተለበጠ ብረት የሚበይድ ሰው ልባጡን ወደ ጢስ ለውጦ መተንፈሱ አይቀርም። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጡንቻ ሕመምና በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይሰማዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥም ይለቀዋል። ሰውነት በተከታታይ የሥራ ቀናት ስለሚለማመደውና በዕረፍት ቀን ልምዱን ስለሚያጣ ሕመሙ ሰኞ ሰኞ ይብሳል።

ከዚህ ሌላ ብረቱን ለቅብ ለማዘጋጀት ደረቅ አሸዋ በታመቀ አየር በሚረጭበት ሁሉ የሲሊካ ብናኝ አለ። ብናኙ ሳንባን ከማጠንከሩም በላይ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል። ብሪታንያ በቀለጠ ብረት ውጤቶች ማጽዳት ሥራ ላይ የአሸዋን አጠቃቀም የከለከለችው በ1949 ነው። ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ይህ ጉዳይ ቀላል ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

የመሐንዲሱ መከራከሪያ

ለዚህ ሂስ የሚሰጠው የተለመደ መልስ ጤና የጤና ባለሙያ ድርሻ ነው፣ ሠራተኛውም ጭምብል ያድርግ የሚል ነው። መልሱ ሁለት ድክመቶች አሉት። አንደኛ፣ ሠራተኛው የሚተነፍሰው ነገር የሚወሰነው በሥራ ቤቱ ሳይሆን ልባጡ በተመረጠበት ቤተ ሙከራ ነው። ከተመረጠ በኋላ የሚታደል ጭምብል ከመከላከያዎች ሁሉ ደካማው ነው። ሁለተኛ፣ ምትክ የሚፈለግለት ልባጥም ያለ ጤና መለኪያ ከቀረበ ችግሩ ስሙን ለውጦ ይቀጥላል። በክሮሚየም ምትክ በከፍተኛ ፍጥነት በሚወረወር ነበልባል የሚረጨው የተንግስተን ካርባይድና የኮባልት ልባጥ ለዚህ ምሳሌ ነው። ልባጡ በጥንካሬው ተመስግኗል፤ የአሲድ ገንዳውንም አስቀርቷል። ነገር ግን የኮባልትና የተንግስተን ካርባይድ ብናኝ ራሱን የቻለ የሳንባ በሽታ ያስከትላል፤ ካንሰር ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ከሚታመንባቸው ነገሮችም ጋር ተመድቧል። ይህ ማለት አዲሱ ልባጥ ይቅር ማለት አይደለም፤ የተሻለ ነው ለማለት የብረቱ ውጤት ብቻ አይበቃም ማለት ነው።

የሕክምናው ድርሻ

ሂሱ በመሐንዲሶች ላይ ብቻ ቢቆም ፍትሐዊ አይሆንም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ ሙያ በሽታዎች በ1700 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ ብርን በወርቅ የሚለብጡ ሰዎች በሜርኩሪ ትነት እንዴት እንደሚጎዱ ጽፏል። ሐኪም በሽተኛውን ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ላይ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው እንዲጨመር ያስተማረውም እርሱ ነው። እንግዲህ የለባጮች በሽታ ለሕክምና አዲስ አይደለም፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ዕውቀት ነው።

ይህ ጥያቄ በማይጠየቅበት ክሊኒክ ሰኞ ማታ ተንቀጥቅጦ የመጣ በያጅ ተስቦ ወይም ወባ ይዞታል ተብሎ ሊታከም ይችላል። የዊዳል ምርመራ ብቻውን አስተማማኝ ባለመሆኑ ስሕተቱን ሊያጠናክረው ይችላል። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን በራሱ ሲለቅ ደግሞ መድኃኒቱ እንደፈወሰው ይቆጠራል። በሽተኛውም ወደዚያው ጢስ ይመለሳል። ጢሱ የካድሚየም ከሆነ ግን ለሁለተኛ ስሕተት ጊዜ ላይኖር ይችላል።

በሕግ ረገድ ባዶ ሜዳ የለም። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተውን የዓለም የሥራ ድርጅት ቁጥር 155 ስምምነት በ1991 ተቀብላለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2019ም አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በተለይ ትምህርት የሚሰጠው በ2018 በወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ መወሰኑ ነው። እርሳስ ለዝገት መከላከያ ቀለሞች ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረ መርዛማ ብረት ነው። ደንቡ ምኞት ብቻ ሆኖ ያልቀረው ቁጥር ስላለው ነው፤ ቁጥር ያለው ነገር ይመረመራል፣ ጥፋተኛውም ይታወቃል። በሥራ ቤቱ አየር ላይ ግን ቁጥሩን የሚሰበስብ ገና ይፈለጋል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ሂስ የብረት ልባጥን ምርምር ለማጣጣል አይደለም። አገሪቱ አውሮፕላን የምትጠግን፣ ፋብሪካም የምትተክል በመሆኗ ይህ ምርምር ይበልጥ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ሙሉ ይሆን ዘንድ የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

፩ኛ/ ስለ መከላከያ ልባጥ የሚቀርብ ማንኛውም የምህንድስና ጥናት ከውፍረትና ከጥንካሬ ሰንጠረዥ አጠገብ በሥራው ጊዜ በአየር ውስጥ የተገኘውን የብረትና የብናኝ መጠን ቢያካትት፤

፪ኛ/ የጥናት ገምጋሚዎች ይህ መለኪያ በሌለበት ጥናት ላይ «የተሻለ ልባጥ» የሚለው ቃል በብረቱ ብቻ እንዲወሰን ቢጠይቁ፤

፫ኛ/ በቦሌና በአካባቢው ባሉ የጤና ተቋማት የበሽተኛው ሥራ በካርዱ ላይ ቢመዘገብ፤ የብየዳ፣ የቀለም ርጭትና የልባጥ ሠራተኛ ትኩሳት ወይም ሳል ይዞት ሲመጣ በምን ዓይነት ብረት ላይ ሲሠራ እንደዋለ ቢጠየቅ፤

፬ኛ/ በያጁ ከመጀመሩ በፊት ብየዳው በሚያርፍበት ቦታ ያለውን የዚንክ ልባጥ ቢያነሣና ሥራውን በተቻለ መጠን በራፍ ላይ ነፋስን ከጎኑ አድርጎ ቢሠራ።

የመጨረሻው ምክር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከገርጂ እስከ አያት ባለው መንገድ ዳር ነገ ጠዋት ሊጀመር ይችላል። የቀሩት ሦስቱ መሐንዲሱና ሐኪሙ በአንድ ጥናት ላይ አብረው ስማቸውን እንዲያሰፍሩ ይጠይቃሉ። ያ እስኪሆን ድረስ አንድ ልባጥ ሃያ ዓመት ይቆያል ተብሎ ሲነገር፣ የለበጠው ሰውስ ስንት ዓመት ይቆያል ብሎ መጠየቅ የሕክምና ባለሙያው ግዴታ ሆኖ ይቀጥላል።