የአንበሳው ሁለት ዓይን

ሥራ ሊለምድ አብሮኝ የሚውል ልጅ አለ። ሆሳዕና ውስጥ የአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ላይ አንበሳ ስስል ቆሞ አየና፣ «ጋሼ፣ ሰውነቱ ወደ ጎን እየሄደ ፊቱ ወደኛ ዞሯል። አንገቱ አይጠመዘዝም?» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የፎቶው አንበሳ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

እኔ ከፎቶ አልስልም። ስቲከር አሳትሞ መለጠፍ ይረክሳል፤ ጎፈሩም ጸጉር በጸጉር ይታያል ይሉኛል። ይታይ! ደጅ ላይ የሚሳል አውሬ ሥራው ቤት መጠበቅ ነው። የማያይ ዘበኛ ምን ይጠብቃል?

በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ይሳላል። ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተገዝተው ለቆሙት አንበሶችና ነብሮች እኔ ሁለቱንም ዓይን አልነፍጋቸውም። ልጁ ግን አልተረታም፤ «የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስስ? በጎን አይደል የሚሳለው?» አለ። ፈረሱ ጋላቢው ወደመራው ያያል፤ ወደኛ የሚያየው ጋላቢው ነው። አንበሳ ጋላቢ የለውም።

አንበሳ በቅርብ ሳያዩ መሳል ነውር የሚመስላቸውም አሉ። ጃፓን ውስጥ ባለ መስመሩ ነብር በዱር የለም፤ ማሩያማ ኦክዮ (1733–1795 እ.ኤ.አ.) ግን ከባሕር ማዶ የመጣ ቆዳ እያየ ነብር ስሏል። እኔ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያየሁት አንበሳ ተኝቶ ነበር። ከእሱ መዳፉን ወሰድኩ፤ ዓይኑን ከጎረቤት በሬ።

ዓይን የማስገባው መጨረሻ ላይ ነው። ነጩን እሞላለሁ፤ ብሌኑን ከላይኛው ቆብ አስነካለሁ። መሃል ላይ ከተንሳፈፈ አንበሳው የደነገጠ ይመስላል፤ የደነገጠ አንበሳ ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

መሳል የጀመርኩት እናቴ ግድግዳ ስትለቀልቅ፣ ጭቃው ሳይደርቅ በጣቴ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ በሩ አጠገብ አንበሳ ሳልኩላት። ማታ መወርወሪያውን ስታስገባ፣ «እሱም አለ» ትል ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ክፍያ ሁሉ ከዚህ ያንሳል።

ሀላባ ቁሊቶ አካባቢ የውጭ ግድግዳቸው አንበሳና አበባ የተሳለባቸው ክብ ቤቶች አሉ፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ወርዶ ይያቸው። ቤታችሁን በብሎኬት የምትሠሩ ደግሞ፣ የደጁን አንድ ግድግዳ ለሰዓሊ ተዉለት።