ለባሕሪ አቧራ፣ ለጎንደር ዳገት

ባሕሪ (ሰሜን ኻርቱም) ሜዳ ስለሆነች ሠራተኛውም ዕቃ አመላላሹም ማርሽ በሌለው ብስክሌት ዓመቱን ሙሉ ይዘልቅ ነበር። የማርሽ ነገር የሚነሣው አንድ ወጣት አሮጌ ኮርስ ብስክሌት ገዝቶ ሲመጣ፣ ወይም ከካይሮ ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ ሲገኝ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት እስኪነሣ ድረስ እዚያ ብስክሌት ስጠግን፣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ «ወንድሜ፣ ይሄ መንገድ ላይ ቢሰበር ምትኩን ከየት ታመጣለህ?»

የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 ሱዳን ላይ ጸንቶ ቆይቷል። የውጭ ባንክ ካርድ አይሠራም ነበር፤ ዕቃ ከውጭ ማዘዝ ለተራ ሰው የሚሞከር አልነበረም። እንዲህ ባለ ቦታ የመግዣ ዋጋው ያነሰ ዕቃ ሁሉ ርካሽ አይደለም። ምትኩ የሌለ ዕቃ በነጻም ቢሰጥ ውድ ነው።

በዚህ የተነሣ ኋላው ባለ 8 ማርሽ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ዛሬም ሐሳቤን አልቀየርኩም። ከማርሽ ሠሪው ሺማኖ ምርቶች ክላሪስ ባለ 8፣ ሶራ ባለ 9፣ ቲያግራ ባለ 10 ሆነው ለዓመታት ተሽጠዋል። በ8 ማርሽ ካሴት (የኋላው የጥርሶች ስብስብ) ላይ ከአንዱ ጥርስ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ10 ማርሽ 3.95 ብቻ። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ አሸዋ የማርሹ ሽቦ ሽፋን ውስጥ ገብቶ ሽቦው መንቀራፈፍ ሲጀምር፣ ባለ 10ሩ ወዲያው ይዘላል፤ ባለ 8ቱ ግን ይታገሣል። የባለ 8 ካቴና ደግሞ ለ6ም ለ7ም ማርሽ ይሆናል፤ በየገበያው የሚገኘውም እሱ ነው።

ከፍሬን እጀታው ጋር የተጣመረውን የማርሽ መቀየሪያ ሁሉም ይወደዋል። ገንዘብ ካለ ክላሪስ፣ ካነሰም የታይዋኑ ማይክሮሺፍት ባለ 8 ይበቃል። አሮጌ የሺማኖ እጀታ ሲገፉት ቀጭ ሳይል ቢቀር ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ ይጥለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ ትንንሾቹን ጥርሶች አጣብቆ ይዟቸው ነው። ነጭ ጋዝ እያፈሰሱ እጀታውን ደጋግሞ መግፋት ነው፤ የሚወርደው ቡናማ ፈሳሽ እስኪጠራና የመጀመሪያው ቀጭታ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ይበቃል። ያ ድምፅ ሲመለስ የሚሰማኝን ደስታ ሌላ ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም።

ለመንገደኛ ግን ሌላ ምክር አለኝ፦ ያለ ቀጭታም የሚሠራውን፣ ከመሪው ጫፍ ወይም ከብስክሌቱ ብረት ላይ የሚታሰረውን የማርሽ ዘንግ ይግዛ። ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያሻግረው ካምቢዮ ቢጎብጥም፣ የሌላ ፋብሪካ ካምቢዮ ቢገጠምለትም፣ በእጁ እየዳሰሰ ማርሹን ያገኘዋል።

ኻርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ናት፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ። ከመተማ ወዲያ የኮርስ ብስክሌት መደበኛ ካሴት ጉልበት ይጨርሳል። መላው ቀላል ነው። የሺማኖ ባለ 8ና ባለ 9 የኮርስ መቀየሪያዎች ከባለ 9 የማውንቴን ካምቢዮ ጋር ይስማማሉ፤ ሽቦ የሚስቡበት ልክ አንድ ነው። ረጅም እግር ያለውን የማውንቴን ካምቢዮ ገጥሞ ኋላ 34 ጥርስ ማድረግ ይቻላል፤ ፊትም 34 ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል። ባለ 10 የማውንቴን ካምቢዮ ግን ልኩ ሌላ ነውና ርካሽ ሆኖ ቢገኝም አይገዛ።

የተረፈች ገንዘብ ካለች ለካቴና ትሁን። አዲስ ካቴና 24 ዓይኑ 304.8 ሚሊ ሜትር ይለካል፤ ወደ 306.4 ሲደርስ መለወጥ አለበት። ካሴቱን የሚበላው ያረጀ ካቴና ነው፤ የካሴት ዋጋ ደግሞ ከካቴናው እጅግ ይበልጣል። ማስመሪያ ለሌለው ደንበኛ ልኩን እንጨት ላይ በምስማር ጭሬ እሰጠው ነበር።