ስለ ደብር ደን ጥናትና ስለ ላስታ ፍየል

በሰሜን አሜሪካ ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን በመንደር አጠገብ የሚበቅለውን የአስፐን ዛፍ ቀንበጥ እየቀነጠበ ደኑ እንዳይታደስ ያደርጋል ተብሎ ብዙ ተጽፏል። ነገሩን ወደ ላስታ አምጥተን ብንመረምረው ግን ጥፋቱ የዱር አውሬ አይደለም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚኖረው ጭላዳ ይበልጡን ሣር በል ነው፤ በመንደርና በደብር ዙሪያ ለጋውን ዛፍ የሚቀጥፈው ፍየሉና ከብቱ ነው።

በዚህ ረገድ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ሊመሰገን ይገባዋል። በደቡብ ጎንደር በሁለት አብያተ ክርስቲያናት ደን ከፊሉን መሬት አጥረው፥ ከፊሉን ክፍት ትተው የጥድን፥ የወይራን፥ የሎልንና የጥቁር እንጨትን ቡቃያ አመዛዘኑ፤ በአጥሩ ውስጥ ያለው ይበልጥ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ እንደማይቈይ ታይቷል። እንግዲህ የደኑ ጎተራ ከመሬት ብቅ ያለው ችግኝ ነው፤ እርሱን ፍየል ከበላው ሌላ መጠባበቂያ የለም። አስፐን እንኳ ከሥሩ ደግሞ ያቈጠቍጣል፤ ጥድ ግን አንዴ ከተቈረጠ ከጉቶው አይመለስም።

የይምርሐነ ክርስቶስን ጥዶች አይቶ «ደኑ ደኅና ነው» የሚል ጸሐፊ፥ ሽማግሌዎችን ብቻ ቈጥሮ ስለ ቤተሰቡ ጤና እንደሚመሰክር ሰው ነው። ጥናቱ ዐይናችንን ከግንዱ ወደ መሬት ማውረዱን እንወድለታለን።

ነገር ግን አጥሩ ከታጠረ በኋላ ፍየሉ የት ይሂድ? የ2009ኙ ጥናት የለካው ተክሉን እንጂ ባለ ፍየሉን አይደለም። በላስታ ግጦሹ ጠባብ ነው፤ እህል ሲጠፋ ተሸጦ ቤት የሚያድር ፍየል ነው። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለፈበትን ገበሬ ፍየልህን ቀንስ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ኋላ በደቡብ ጎንደር ከእርሻ በተለቀመ ድንጋይ ደብሮችን ማጠር ተጀምሯል፤ ማሳውም ስለሚጠራለት ገበሬው ይጠቀማል። ይህ ብልህ ሥራ ነው። ሆኖም ከግንቡ የተባረረው መንጋ ወደ ገደሉ ቍጥቋጦ ቢዞር ጉዳቱ ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀረም።

ደግሞም የሁለት ደብሮች ውጤት ለላስታ ደረቅ ተዳፋት ሳይፈተን ሊተላለፍ አይገባውም። እዚሁ ላስታ ውስጥ አንድ ደብር ታጥሮ፥ የክልሉ ሣር እየታጨደ ለባለ ከብቱ እየተሰጠ፥ ችግኙና የየቤቱ ፍየል በአንድ መዝገብ ለጥቂት ዓመታት ቢቈጠር፥ ያን ጊዜ ከደብሩ አለቆችም ከገበሬዎቹም ጋር በማስረጃ መነጋገር ይቻላል።