ቮልስ ውሃ ስታስገባ፦ ጥሩ እጅ በምን ይታወቃል?

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ የቮልስ ባለቤቶች አንድ ዓይነት አቤቱታ ያሰማሉ። ሞኬቱ ይርሳል፣ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል፣ የኋላ ወንበሩ መሽተት ይጀምራል። ሲሊኮን ይዞ ደርሶ የሚቀባ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ውሃው የገባበትን ቦታ በትክክል አግኝቶ፣ መውጫውን ሳይደፍን የሚጠግን ግን ብርቅ ነው። ያንን ብርቅ ሰው ገና ሥራውን ሲጀምር መለየት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምልክት አጠያየቁ ነው። ጥሩ ባለሙያ ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት «ውሃው የሚገባው ቆማ ሳለች ነው ወይስ ስትሄድ?» ይላል። ቆማ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ወደ መስታወቶቹ፣ ወደ በሮቹና ወደ ፊት ኮፈኑ። ስትሄድ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጎማ የሚረጨው ውሃ ከሥር እየገባ ነው፤ ወለሉን ወይም ከፓራፋንጎው በስተጀርባ ያለውን ላሜራ ዝገት በልቶታል። ቀጥሎ መኪናዋ እንዴት ቆማ እንደምታድር ይጠይቃል። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ናት። አፍንጫዋን ሽቅብ አድርጋ የምታድር ቮልስ በፊት መስታወት ያስገባችው ውሃ የሚገኘው ከኋላ ተሳፋሪዎች እግር ሥር ነው። ይህን ሳይጠይቅ ኋላው እርጥብ ስለሆነ ብቻ «የኋላ መስታወት ጎማ ግዙ» የሚል ሰው ግምቱን በእርስዎ ገንዘብ ሊሞክር ነው።

ቮልስ በዚህ ምርመራ ባለሙያውን ታግዘዋለች። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። በሌላ መኪና ከዳሽቦርድ ሥር የተገኘ እርጥበት ከማሞቂያው የሾለከ የራዲያተር ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያ ጥርጣሬ የለም። ቮልስ የምትሸከመው ውሃ የመስታወት ማጠቢያውን ብቻ ነው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ይህ ውሃ ከመጠባበቂያ ጎማው በሚመጣ አየር ተገፍቶ በቀጭን ቱቦ እስከ ዳሽቦርዱ ይመጣል፤ ቱቦው ሲሰነጠቅ ከዳሽቦርዱ ሥር ይንጠባጠባል። ፔዳሎቹ አጠገብ የተገኘው ፈሳሽ በጣት ሲታሽ የሚያሙለጨልጭ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይት ነው። ያኔ የዝናቡ ጉዳይ ይቆይና ፍሬኑ ይታያል። ከሁሉ በፊት ጣቱን ነክሮ የሚያሽ መካኒክ ሳይ እምነቴን እሰጠዋለሁ።

ከዚያ ማራገፍ ይመጣል። ወንበሮቹ ይወጣሉ፣ ሞኬቱ ይነሳል፣ ወለሉ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርጥብ ወለል ላይ አዲስ ውሃ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ሲደርቅ ጋዜጣ ይነጠፋል ወይም የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነሰነሳል፤ የመጀመሪያዋ ጠብታ የሄደችበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ በቀስታ በሚፈስ ቱቦ ያጠጣል። እዚህ ላይ በደንብ ይመልከቱ። ቱቦው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ መጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ የመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። በየቦታው ጥቂት ደቂቃ ይቆያል። ከጣሪያ የጀመረ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያርሰው ውሃ መግባቱን እንጂ በየት እንደገባ አያውቅም። የላቫጆ ፓምፕም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጤነኛ ጎማን እንኳ ገልብጦ ስለሚገባ ያልነበረ ጥፋት ይፈጥራል።

የባለሙያውን እውቀት በትክክል የሚመዝነው በሩ ነው። በሚወርደው መስታወት በውጭ በኩል ያለው ጠራጊ ጎማ ዝናብን ሙሉ በሙሉ አያግድም፤ እንዲያግድም አልተሠራም። ውሃ መስታወቱን ይዞ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል፣ በበሩ ግርጌ ባሉት ጠባብ ቀዳዳዎች ይወጣል። ተሳፋሪውን ከዚህ ውሃ የሚለየው ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ የተለጠፈው ፕላስቲክ ነው። የመስታወት ማውረጃ ወይም ቁልፍ ሲጠገን ይህ ፕላስቲክ ይቀደዳል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ አይለጠፍም። ሽፋኑ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከሥሩም ወደ ወለሉ ያንጠባጥባል። ባለቤቱ የበር ጎማ ይለውጣል፤ እርጥበቱ ግን አይለቀውም። ቀለም ቀቢ ደግሞ የግርጌውን ቀዳዳዎች በስቱኮ ይደፍናቸዋል፤ ውሃው በሩ ውስጥ ተኝቶ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ሥራውን ሲረከቡ በመስታወቱ የውጭ ገጽ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱ። ጥቂት ቆይቶ ከበሩ ግርጌ ወደ ውጭ መንጠብጠብ አለበት። ካልወጣ መኪናዋን አይውሰዱ።

የበር ጎማ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ ያን የሚያሳየው ወረቀት ነው። ወረቀት በሩ ላይ አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት። ሳይይዝ ከወጣ ጎማው እዚያ ቦታ ላይ አይነካም። ብልህ ሰው ግን ወዲያው ጎማ አይቀይርም። በሩን ከፍቶ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ማጠፊያው ተበልቶ በሩ ከወረደ ማንኛውም አዲስ ጎማ አይገጥምም። ማጠፊያው ይቀድማል።

የፊት መስታወት ላይ ደግሞ ከጎማው ይልቅ ከጎማው ሥር ያለውን ላሜራ ለማየት ይጠይቁ። ዝገቱ ተፍቆ፣ ተበይዶ፣ ቀለም ካልተቀባ አዲስ ጎማ ዋጋ የለውም። አገጣጠሙም ለዓይን ደስ የሚል ሥራ ነው። ጎማው መስታወቱ ላይ ይለበሳል፣ በጎድጓዳው ሲባጎ ይዞራል፣ የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ አድርጎ ይስባል፤ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይቀመጣል። በካቻቢቴ እየጎረጎረ የሚያስገባ ሰው ጎማውን ይቀደዋል። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፑዌብላ ላይ ተሠርታለች፤ ዛሬ የሚሸጠው ጎማ ደረጃው ብዙ ዓይነት ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት ቶሎ የሚመለሰውን ይምረጡ፤ ማዕዘኑ ላይ የሚጨማደደውን ይተዉት።

እ.ኤ.አ. ከ1968 ሞዴል ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ቮልሶች ከፊት ኮፈኑ ሥር የንጹሕ አየር ማስገቢያ ሳጥን አላቸው። ዝናብ ይገባበታል፣ በጎማ ቱቦ ወደ መሬት ይወርዳል። ከጽድ ወይም ከባሕር ዛፍ ሥር የምትቆም መኪና ይህ ቱቦዋ በቅጠል ይደፈንና ሳጥኑ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይፈሳል። ቱቦውን ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ይህን ሳያይ መስታወት ያስነቀለ ሰው ሥራውን አያውቅም።

ባትሪው ያለው በኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩን ሳያነሳ የወለሉን ጤና የሚናገር ሰው አይመኑ። ከኋላ መስታወት የወረደ ውሃና የባትሪ አሲድ ተባብረው ቀድመው የሚበሱት ይህንን ቦታ ነው።

ሲሊኮንን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሴቲክ አሲድ ስለሚለቅ የተራቆተ ብረትን ያዝጋል፤ በላዩም ቀለም አይይዝም። ከመስታወት ጎማ ዙሪያ ተድቦልቡሎ ካዩት ከዚህ በፊት አንድ ሰው ቀዳዳውን ሳያገኝ ትቶት ሄዷል ማለት ነው። ውሃው እንዲወጣ ብሎ ወለሉን የሚበሳም እንዲሁ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ይገባል።

እጁ የሚታመን ሰው ሥራውን ጨርሶ ሞኬቱን አይመልስም። ወለሉን ባዶ አድርጎ መኪናዋን ያስረክባል፤ ሁለት ሦስት ዝናብ እንዲወርድባት፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ፣ አንድ ጊዜ ቁልቁል ቆማ እንድታድር ያዛል። ክፍያውንም ከፊሉን ሞኬቱ ለሚመለስበት ቀን ያቆያል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ያገኘ ባለቤት ሥራውን በግንቦት ያስጀምር፤ ሐምሌ ላይ ወረፋው ረጅም ነው፣ ላሜራም በቀላሉ አይደርቅም።