ሃያ ዓመት የዘለቀ ጋዜጣ

የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የዚያው ዕለት ቀን የተጻፈበት አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ እንግሊዝ አገር መውጣት ጀመረ፤ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ። አዘጋጇ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ነበሩ። በዚያው ዓመት ዉድፎርድ ባለው መኖሪያቸው አጠገብ፣ ከአየር የሚወርድ ቦምብን የሚያወግዝ የድንጋይ ሐውልት አቁመዋል።

ጋዜጣው የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ለዓለም አሰማ። በ1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ወረራውን ሲቀበልም አልታጠፈም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ግን ከድል በኋላ ያለው ነው። እንግሊዝ ኤርትራንና ኦጋዴንን ይዛ ስትቆይ፣ ሲልቪያ በገዛ አገራቸው ላይ ብዕራቸውን አነሡ። የባዕድን ጦር ማውገዝ ይቀላል፤ የራስን ወገን «ውጣ» ማለት ግን ትልቅ ልብ ይጠይቃል።

በ1948 ዓ.ም. ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ፤ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አረፉ። የጉለሌ ልጆች፣ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል በስድስት ኪሎ በኩል ስትወርዱ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ጎራ በሉ። መቃብራቸው ከአርበኞቻችን ጋር ነው፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።