ሴቭ ሳይሰብሩ መለወጥ

ለቪዲዮ ጨዋታ ሞድ የሚሠራ ሰው ሲያወራ የምትሰሙት ስለሚጨምረው ነገር ነው፦ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ሰይፍ፣ አዲስ ታሪክ። እኔ ግን በአንድ የስካይሪም ሞድ ፕሮጀክት ውስጥ የሚለቀቁትን ቨርዥኖች ማስተባበር ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ የምንጨምረው ሳይሆን የምንነካው ነው። ያልወጣ ሞድ የሠሪው ነው፤ እንዳሻው ያፈርሰዋል፣ እንዳሻው ይሠራዋል። ከወጣ በኋላ ግን ጎረቤት ጓዳውን እንዳስጠጋበት አጥር ይሆናል። አንዱ ፓች ይሠራበታል፣ ሌላው ወደ ቋንቋው ይመልሰዋል፣ ተጫዋቹ ደግሞ ወራት የፈጀበትን ጨዋታ ሴቭ ያደርግበታል። ማናቸውም እኛን አላስፈቀዱም፤ ማስፈቀድም አይጠበቅባቸውም። አጥሩን ለማንሳት ስናስብ ግን እነዚያን ሰዎች ማሰብ የእኛ ዕዳ ነው።

አንድ ወንበር እንውሰድ። ከዋናው ጨዋታ የመጣ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ መንገድ የዘጋ ወንበር። ኤዲተሩ ላይ ተመርጦ ዲሊት ይባላል፤ አለቀ ማለት ነው። ነገር ግን ያንኑ ወንበር ሌላ ሞድ ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጎት ይሆናል፤ ወይም አንድ ገጸ ባሕርይ ማታ ማታ እንዲቀመጥበት ታዞ ይሆናል። ያ ሞድ የተሰረዘውን ወንበር ፍለጋ ሲሄድ ጨዋታው ክራሽ ሊያደርግ ይችላል። ምክንያቱን የሚነግር መልእክት የለም፤ ድርግም ይልና ተጫዋቹ ከዴስክቶፑ ጋር ይፋጠጣል። ለዚህ ነው የቆዩ ሞደሮች የማይሰርዙት። ኤክስኤዲት የሚባለው መሣሪያ የተሰረዘውን ወንበር ይመልስና ከጅምሩ እንዳይታይ ያደርገዋል፤ የከፍታ ልኩንም ከዜሮ በታች 30000 ላይ አድርጎ ከመሬት ሥር ያወርደዋል። ወንበሩ ከነቁጥሩ አለ፣ የሚፈልገው ሞድም ያገኘዋል፤ መንገዱም ተከፈተ። አዲስ ሰው ወደ ፕሮጀክቱ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው። ብዙዎቹ «ለአንድ ወንበር ይህ ሁሉ!» ይላሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ከወንበሩ የሚከብደው የቁጥሩ ጉዳይ ነው። በስካይሪም ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ፎርም አይዲ የሚባል ባለ ስምንት አኃዝ መለያ አለው። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ፋይሉ በአጫጫን ተራ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራሉ፤ የቀሩት ስድስቱ የነገሩ የራሱ ናቸው። በዚህ አቆጣጠር አንድ ተጫዋች ሊጭን የሚችለው ሙሉ ፋይል ከ254 አይበልጥም። ቦታ ሲጠብ የመጣው መላ ኢኤስኤል የሚባለው ቀላል ፋይል ነው፤ እስከ 4096 የሚደርሱ ቀላል ፋይሎች አንዲት ተራ ተጋርተው ይቀመጣሉ። ታዲያ ተጫዋቾች «ሞዳችሁን ኢኤስኤል አድርጉልን» እያሉ ሲወተውቱ እውነት አላቸው። ችግሩ፣ ፋይሉ ቀላል እንዲሆን በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጠባብ ክልል ውስጥ መጨመቅ አለባቸው። ቁጥሩ ሲቀየር ትናንት ሴቭ የተደረገው ጨዋታ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠውን ዕቃ አያገኘውም። በአሮጌው ቁጥር የተሠራ ፓችም እንዲሁ ባዶ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ አብሮን የሚሠራ ጎበዝ ወጣት አለ። ፋይሉን ኢኤስኤል የማድረጉን ጉዳይ ወደሚቀጥለው ትልቅ ቨርዥን አስተላልፈነው ሲያይ ተናደደ።

«ጋሼ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ እኮ ነው! አንድ ቁልፍ ነው የምንጫነው፤ ምን ያስጠብቀናል?»

«ሁለት ደቂቃው የኛ ድርሻ ነው» አልኩት። «ፓች የሠሩብንን ሰዎች ቆጥረሃቸዋል?»

አልቆጠራቸውም ነበር፤ እኔም በትክክል አላውቃቸውም ነበር። ቁጭ ብሎ ዝርዝራቸውን አወጣና ለየአንዳንዳቸው ጻፈ። ገሚሶቹ በደስታ ተባበሩ። ገሚሶቹ ሞድ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ መልስ የለም። ባለቤት ያጡትን ፓቾች፣ ፈቃዳቸው የሚያስኬደውን ያህል፣ ራሱ በአዲሱ ቁጥር ሠራቸው። አሁንም ቀርፋፋ ነህ ይለኛል። ቢሆንም ትልቁ ቨርዥን ሲወጣ ፓቾቹ በዚያው ቀን ተዘጋጅተው ነበር፤ አሮጌውም ፋይል አልተነሳም፤ ጀምሮ ያልጨረሰ ተጫዋች በእሱ ይጨርሳል።

ስክሪፕትም የራሱ ተንኮል አለው። አንድ ኩዌስት፣ ማለትም ተልእኮ፣ መጀመሪያ ሲነሳ አንዴ የሚሠራ ኮድ በነባር ሴቭ ላይ ዳግመኛ አይሠራም። ስለዚህ በአዲሱ ቨርዥን እዚያ ውስጥ የጨመርነው ነገር አዲስ ጨዋታ ለጀመረው ይደርሳል፤ ለቆየው ደንበኛ አይደርስም። መፍትሔው የቨርዥን ቁጥር በስክሪፕቱ ውስጥ ማስቀመጥና ጨዋታው በተጫነ ቁጥር ማመሳከር ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ግድ ነው።

እስካሁን ያወራሁት በእጃችን ስላለ ለውጥ ነው። ከላይ የሚመጣውስ? ኅዳር 11 ቀን 2021 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ስካይሪም በወጣ በልክ በ10 ዓመቱ፣ የጨዋታው ሠሪ ቤቴስዳ የአኒቨርሰሪ እትሙን ለቀቀ። የጨዋታው ዋና ፋይል በአዲስ ኮምፓይለር ተሠርቶ ስለነበር በውስጡ ያሉት አድራሻዎች ተቀያየሩ። ስክሪፕት ኤክስቴንደር የሚባለው መሣሪያ በእነዚያ አድራሻዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ወደቀ፤ በእሱ ላይ የተደገፉት ፕለጊኖችም እንደገና መሠራት ነበረባቸው። በታኅሣሥ 2023 ሌላ አፕዴት መጣና እንደገና ሩጫ ሆነ። ከሁሉ የከበደው ግን የፎልአውት ለንደን ሠሪዎች ዕጣ ይመስለኛል። ዓመታት የለፉበትን ሞድ በሚያዝያ 23 ቀን 2024 ሊለቁ ቀን ቆርጠው ሳለ፣ የፎልአውት 4 ትልቅ አፕዴት ከሁለት ቀን በኋላ እንደሚወጣ ተነገረ። ቀናቸውን ሰረዙ፤ የለቀቁት ሐምሌ 25 ነው፤ ያውም በአሮጌው የጨዋታ ቨርዥን ላይ እንዲሠራ አድርገው። አንዳንዱ «ፈሩ» አላቸው። ለእኔ ያ ውሳኔ በሙያው ከታዩት አስተዋይ ውሳኔዎች አንዱ ነው። በተነገረው ቀን ለቀው ቢሆን ከሁለት ቀን በኋላ የሚጎርፈውን «አልሠራ አለኝ» ማን ይመልሰው ነበር?

የሰው ነገር ደግሞ ከኮዱ ይብሳል። ደመወዝ የማይከፈለውን ሰው ማዘዝ አይቻልም፤ ይሄዳል። ሲሄድም የሠራውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። በማይንክራፍት ዓለም ቡኪት የተባለው የሰርቨር ፕሮጀክት በ2014 የገጠመው ይኸው ነው። የጨዋታው ሠሪ ሞጃንግ የፕሮጀክቱ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ባሳወቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ብዙ ኮድ ያበረከተ አንድ ሰው የቅጂ መብት አቤቱታ አቀረበና ፋይሉን ማውረድ ተከለከለ። ያንን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ በፕሮጀክታችን ያለ ወረቀት የሚገባ ነገር የለም። ጠርሙስም ይሁን ቤተ መንግሥት፣ ማን ሠራው፣ ሌላ ሰው ሊያርመው ይችላል ወይ፣ ሠሪው ድምፁ ቢጠፋ ምን ይሁን የሚል ማስታወሻ አብሮት ይገባል። በወዳጅነት መካከል ይህን መጠየቅ ይከብዳል። ከተጣሉ በኋላ ግን ጨርሶ አይጠየቅም።

በጎ ፈቃደኛ ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ፕሮጀክት አሳየን ለሚለኝ ታምሪየል ሪቢልትን አሳየዋለሁ። የተጀመረው በ2001፣ የሚሠራበት ጨዋታ ሞሮዊንድ ገና ገበያ ሳይወጣ ነው። ሐሳቡ የታምሪየልን አህጉር በሙሉ መሥራት ነበር። በኋላ ዓላማውን አጥብበው የሞሮዊንድን ግዛት ዋና ምድር ብቻ ያዙ፤ በ2025ም አዲስ ክፍል ለቀዋል። ያ ማጥበብ ይመስለኛል ያኖራቸው። በዚያ ላይ ቁሳቁሱን ከመሬቱ ለይተው፣ ታምሪየል ዳታ በሚባል የጋራ ፋይል አስቀምጠው፣ ሌሎቹን ግዛቶች ከሚሠሩት ወገኖች ጋር ይካፈሉታል። አንድ ሰው አንድ ክፍል «የእኔ» ብሎ ይወስዳል፣ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ይመረምረዋል፣ ከዚያ ይዋሃዳል። ሠሪው በመካከል ቢጠፋ የሚጎድለው አንድ ክፍል እንጂ ከተማው አይደለም።

እኔ የማልደራደርበት ነገር የለውጥ ዝርዝሩ አጻጻፍ ነው። «ልዩ ልዩ ማሻሻያዎች ተደርገዋል» የሚል መስመር በእኔ በኩል አያልፍም። ማን ምን ያድርግ? ሰው ቼንጅሎግ የሚያነበው አንድ ነገር ሲበላሽበት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተናድዷል። ስለዚህ መጀመሪያ ተጫዋቹ ማድረግ ያለበት ይጻፋል፦ «የማዕድን ጉድጓዱ መግቢያ ቦታ ቀይሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ከሆንክ ወጥተህ ሴቭ አድርግ፤ ከዚያ አዲሱን ጫን።» ቀጥሎ ፓች ለሚሠራው፣ የትኞቹ ቁጥሮች ተነኩ። ኩራታችን፣ ማለትም አዲሱ ቤተ መንግሥትና አዲሱ ዘንዶ፣ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አርቲስቶቻችን ይህን ቅደም ተከተል አይወዱትም። ሥዕሉን ፊት ለፊት ማድረግ ነው ፍላጎታቸው፤ ዘንዶው ሲታይ እውነትም ልክ ናቸው።

አሁን የያዝነው ክርክር ስለ አሮጌው የስካይሪም ቨርዥን፣ ስለ 1.5.97 ነው። ከአኒቨርሰሪው አፕዴት በፊት የነበረ ነው፤ የሚወዳቸው ሞዶች እንዳይሰበሩበት እዚያው የቀረ ተጫዋች ብዙ ነው። ለሁለት ቨርዥን መሥራት ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መፈተን ነው። እንተወው የሚሉ አሉ፤ እኔም ልቤ ወደዚያው ያደላል። የተስማማነው በመካከል ነው፦ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፣ ባግ ግን ይታረማል። በዚያ ቨርዥን የሚፈትንልን አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ሲበቃው አስቀድሞ ሊነግረን ቃል ገብቷል፤ ከዚያ በኋላ እርማት እንደማይኖር በማውረጃው ገጽ ላይ ከአሁኑ ጽፈነዋል።