ለቅሶ ቤት ያልገባው ኢዮብ

በአገራችን የኢዮብን ያህል ስሙ ተደጋግሞ የሚነሣ፣ መጽሐፉ ግን እስከ ዳር የማይነበብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅ የሞተባት እናት “ለምን?” ብላ ስትጮህ ከድንኳኑ ጥግ አንድ አዛውንት ይነሡና “ተይ ልጄ፣ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ” ይሏታል። ያ ታጋሽ ኢዮብ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎች ነው። መጽሐፉ ግን 42 ምዕራፍ አለው!

ከ3ኛው ምዕራፍ ወዲህ ያለው ኢዮብ የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ሊሟገተው ይሻል፤ አቤቱታው በጽሑፍ እንዲቀርለት ይመኛል። ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ለቀስተኞች ነበሩ። ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። (ኤሊሁ የተባለው ወጣትማ ዘግይቶ መጥቶ 6 ምዕራፍ ይናገራል።) ነገራቸው ሲጨመቅ፣ እግዚአብሔር ጻድቅ ነውና የተመታ ሰው አጥፍቶ መሆን አለበት የሚል ነው። ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙ ይመስላቸዋል። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እሱ የሚቆጣው በሦስቱ ነው፤ በቅንነት ተናገረ የተባለው ያ ሲጮህ የነበረው ኢዮብ ነው። ለምን ቢሉ፣ እነሱ ስለ እግዚአብሔር ሲያወሩ ኢዮብ ግን ራሱን እግዚአብሔርን ያናግረው ነበር። እኔ መታመን የምለው ይህን ነው።

ከ38ኛው ምዕራፍ ጀምሮ እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ይመልሳል። ምክንያቱን ግን አይነግረውም፤ በሰማይ ከሰይጣን ጋር የተባባሉትን አንባቢ ያውቃል፣ ኢዮብ እስከ መጨረሻው አያውቅም። ይህን ንግግር ጉልበት ማሳያ ነው የሚሉ ሐያስያን አሉ። አልስማማም። ጉልበት ሊያሳይ የመጣ ስለ ዱር ፍየል ምጥ፣ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ስለሚዘንብ ዝናብ ምን አስጨነቀው? ለማንም ዋጋ ያልሆነ፣ የማንም ቅጣት ያልሆነ ዝናብ! የወዳጆቹ ሚዛን የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

የሚከብደኝ ፍጻሜው ነው። 7000ው በግ 14000፣ 3000ው ግመል 6000 ይሆናል። ልጆቹ ግን አይታጠፉም፤ እንደ ቀድሞው 10 ናቸው። የፊተኞቹ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን ስለሆኑ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። መጽሐፉ ራሱ ግን ዝም ይላል። የኋለኞቹን ሦስት ሴቶች ልጆች በየስማቸው ይጠራል፣ ከወንድሞቻቸው ጋር መውረሳቸውንም ይነግረናል። የሞቱት 10 ስማቸው እንኳ አልተጻፈም።